ባትሪው አዲስ፣ ካርቦኑ አዲስ፣ መኪናው ግን ሐረጎ ላይ የሚቆም፦ ስለ አሮጌ ፒካፕ ቻርጅና እሳት

ጥያቄ

ጤና ይስጥልኝ። ኮምቦልቻ ሆኜ በአንድ አሮጌ ቶዮታ ሃይለክስ ፒካፕ እህልና የግንባታ ዕቃ አመላልሳለሁ። መኪናው እ.ኤ.አ. የ1982 ስሪት ነው፤ ሞተሩ 18 አር፣ ቤንዚን፣ ፑንቲና (የቦቢናውን ኃይል የሚከፍትና የሚዘጋ መገናኛ) ያለው። ከክረምቱ በፊት ላሜራው ተሠርቶ ቀለም ተቀባ፤ ኮፈን ውስጥ ያሉ ዕቃዎችም ለቀለሙ ተፈትተው ነበር። ከዚያ ወዲህ ሰላም የለኝም። ማታ መብራት ሳበራ የባትሪው ምልክት ክሩስኮቱ (ዳሽቦርዱ) ላይ ብልጭ ድርግም ይላል። ጠዋት ሞተሪኖው (ሞተሩን የሚያስነሣው) ይደክማል፤ በግፊ የማስነሣበት ቀን በዝቷል። ባትሪውን ከገዛሁት ገና ሁለት ወሩ ነው፤ ውሃውን ግን በየሳምንቱ እሞላለሁ። የዲናሞው ካርቦን ተቀይሯል። ወደ ደሴ ስወጣ ሐረጎ ዳገት አጋማሽ ላይ ሞተሩ ሳል ሳል ይልና ይጠፋል፤ ሃያ ደቂቃ ያህል ሲቀዘቅዝ ይነሣል። ፑንቲና በአንድ ወር ሁለት ጊዜ ተቃጠለ፤ የፊት መብራት አምፖልም ሁለት። ቦቢናው (ለካንዴላዎቹ እሳት የሚሰጠው) አምና ሲቀየር አጠገቡ የነበረችው ነጭ ሸክላ አታስፈልግም ተብላ ወጥታለች። ጋራዡ አዲስ ዲናሞና አዲስ ቦቢና ግዛ ብሎኛል፤ ሁለቱን ባንዴ ለመግዛት አቅሜ አይፈቅድም። የትኛውን ላስቀድም? ሁለቱ ችግሮችስ ይገናኛሉ?

ምላሽ

ጤና ይስጥልኝ ወንድሜ። ለጊዜው ዲናሞም ቦቢናም አይግዙ። ችግሮቹ ይገናኛሉ፤ ከገለጹልኝ ምልክቶች ስነሣም የአብዛኛው መከራዎ ምንጭ ሬጉሌተሩ (የዲናሞውን ቮልት የሚቆጣጠረው ዕቃ) ማሳ፣ ማለትም ወደ ባትሪው ኔጋቲቭ መመለሻ መንገድ፣ የሚያገኝበት ቦታ ይመስለኛል፤ የቀረው ደግሞ ያቺ የወጣችው ነጭ ሸክላ ናት። መኪናውን በዓይኔ ሳላይ የምናገረው ስለሆነ ግምቴን በቴስተር ማረጋገጥ የእርስዎ ወይም የኤሌክትሪሺያንዎ ሥራ ይሆናል። እንዴት እንደሚረጋገጥ ግን ከነቁጥሩ አስረዳለሁ።

ጽሑፍዎን ያነበበ ሰው ሁሉ «ዲናሞው አይሞላም» ብሎ መደምደሙ አይቀርም፤ የባትሪ ምልክት ይበራል፣ ጠዋት ሞተሪኖው ይደክማል። እኔን ያቆመኝ እግረ መንገድዎን የጠቀሱት የባትሪ ውሃ ነው። በቂ ቻርጅ የማያገኝ ባትሪ ውሃ አይጨርስም። ውሃ በየሳምንቱ የሚጨርሰው ከሚገባው በላይ የሚሞላ ባትሪ ነው። ባለ 12 ቮልት ባትሪ እያንዳንዳቸው 2.1 ቮልት ገደማ የሚይዙ ስድስት ክፍሎች አሉት፤ ባትሪው ከሞላ በኋላ ዲናሞው ከ14.8 ቮልት በላይ እየገፋ ከቀጠለ፣ ትርፉ ኃይል የሚቀመጥበት ቦታ ስለሚያጣ ውሃውን ወደ ሃይድሮጅንና ኦክስጅን እየሰነጠቀ ያተነዋል። ውሃው ጎድሎ ከአሲዱ በላይ የቀረው የሊድ ሰሌዳ ይደርቃል፣ በሙቀትና በአረፋ የተመታውም እየተፈረፈረ ወደ ታች ይወርዳል። እንዲህ የተቀቀለ ባትሪ፣ ቀኑን ሙሉ ከሚገባው በላይ ሲሞላ ውሎም ቢሆን፣ ጠዋት ሞተሪኖ የማዞር አቅም አይኖረውም። የደከመ ባትሪ አይቶ ዲናሞ ላይ መፍረድ የሚያሳስተው ለዚህ ነው።

የተቃጠሉት አምፖሎችም ከዚህ ጋር ይስማማሉ። የአምፖል ክር ከተሠራለት ቮልት በ5 በመቶ ብቻ ቢያልፍ ዕድሜው ወደ ግማሽ ይወርዳል፤ በአጭር ጊዜ ሁለት የፊት አምፖል ማቃጠል የአምፖሉ ጥራት ማነስ ብቻ አይመስለኝም። ፑንቲናውም እንደዚሁ ነው፤ ወደ እሱ ስመጣ በዝርዝር እነግርዎታለሁ።

አሁን ወደ ሬጉሌተሩ እንሂድ። ከዚህ በኋላ በመጡት ቶዮታዎች ላይ ሬጉሌተሩ ዲናሞው ውስጥ ገብቷል፤ በእርስዎ መኪና ግን ከዲናሞው ተለይቶ፣ ኮፈኑ ውስጥ ላሜራው ላይ በብሎን የታሰረ፣ ስድስት ሽቦ የሚገባበት ትንሽ ሳጥን ነው። ክዳኑን ቢከፍቱት ሁለት ትንንሽ የመዳብ ሽቦ ጥቅሎችና ከላያቸው የሚንቀሳቀሱ መገናኛ ነጥቦች ያያሉ። አንደኛው ጥቅል የባትሪውን ምልክት የሚያጠፋው ነው። ዲናሞው መዞር ሲጀምር ኤን ከሚባለው ጫፉ የሙሉውን ቮልት ግማሽ ገደማ ይልካል፤ ይህ ቮልት ጥቅሉን ማግኔት ያደርገዋል፣ ነጥቡ ይሳባል፣ ክሩስኮቱ ላይ ያለው መብራት ይጠፋል። ሁለተኛው ጥቅል የዲናሞው ተቆጣጣሪ ነው። የሲስተሙን ቮልት የሚያየው በአንደኛው ጥቅል ነጥቦች በኩል ሲሆን፣ ቮልቱ ከፍ ሲል ነጥቡን ስቦ በኤፍ ሽቦ ወደ ዲናሞው የሚሄደውን ኃይል ይቀንሳል፤ ዝቅ ሲል ይለቀዋል።

ሁለቱም ጥቅሎች የሚሠሩት የመጨረሻ ጫፋቸው ማሳ ሲያገኝ ነው። ማሳ የሚያገኙትም በሁለት መንገድ ነው፤ አንዱ ኢ በሚባለው ሽቦ ከዲናሞው አካል፣ ሁለተኛው ሳጥኑ ራሱ በታሰረበት ላሜራ በኩል። በ40 ዓመት ዕድሜ ውስጥ የኢ ሽቦው ጫፍ ዝጎ ወይም ሶኬቱ ውስጥ ላልቶ ሊሆን ይችላል፤ ሳጥኑ ንጹሕ ብረት ላይ እስከታሰረ ድረስ ግን ጉድለቱ አይታወቅም ነበር፤ አንዱ መንገድ የሌላውን ችግር ይሸፍንለታልና። ከዚያ መኪናው ቀለም ተቀባ። ቀለም ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም። ሳጥኑ ተመልሶ በአዲሱ ቀለም ላይ ሲታሰር ሁለተኛው መንገድ ተዘጋ፤ የቀረው ያ የዛገው ሽቦ ብቻ ነው። ማሳው ሲዳከም አንደኛው ጥቅል ነጥቡን አጥብቆ መያዝ ያቅተውና ምልክቱ ብልጭ ድርግም ይላል፤ በተለይ መብራት በርቶ ሞተሩ በሚኒሞ (ቤንዚን ሳይሰጠው) ሲዞር፣ ከኤን የሚመጣው ቮልት በሚቀንስበት ጊዜ። ሁለተኛው ጥቅል ደግሞ እውነተኛውን ቮልት ስለማያይ፣ ቮልቱ ዝቅ ያለ እየመሰለው፣ ዲናሞውን ሳይገታ ይለቀዋል። «አይሞላም» የሚል የሚመስለው መብራትና የሚፈላው ባትሪ ከአንድ ጉድለት አብረው ይመጣሉ ማለት ነው። ችግሩ የጀመረው ከቀለሙ በኋላ ነው ማለትዎ ጥርጣሬዬን ወደዚህ ያጠበቀው ነገር ነው።

አሁን ማረጋገጫው። አንድ ዲጂታል ቴስተር፣ ብርጭቆ ወረቀትና ሁለት ሜትር ያህል ወፈር ያለ ሽቦ ያዘጋጁ። ጠዋት መኪናው ሳይነካ፣ መብራትም ሳይበራ፣ ቴስተሩን በባትሪው የሊድ ራሶች ላይ ያሳርፉ፤ ሞርሴቶው (የኬብሉ መያዣ) ላይ አይደለም፣ ራሱ ላይ። 12.6 ቮልት ሙሉ ባትሪ ነው፤ 12.2 ግማሽ፣ 12.0 ደግሞ ሩብ ገደማ የቀረው ነው። ሃይድሮሜትር (የአሲዱን ጥግግት የሚለካው) ካለዎት ስድስቱንም ክፍሎች አንድ በአንድ ይለኩ። የሞላ ባትሪ ከ1.260 እስከ 1.280 ያነባል፤ አንዱ ክፍል ከሌሎቹ በ0.050 ዝቅ ካለ ያ ክፍል ሞቷል፣ ባትሪውም ቻርጅ ተደርጎ አይድንም። ቀጥሎ አንድ ሰው ሞተሪኖውን ሲያስነሣ ቮልቱን ይመልከቱ፤ ከ9.6 በታች ከወረደ ወይ ባትሪው ደክሟል፣ ወይም ሞተሪኖው ከሚገባው በላይ ይስባል።

ከዚያ ሞተሩን አስነሥተው በደቂቃ ወደ 2,000 ዙር ያህል ቤንዚን ይስጡት፤ መብራት ሳይበራ። ባትሪው ራስ ላይ የሚያነቡት ከ13.8 እስከ 14.8 ባለው ውስጥ መሆን አለበት። 15 አልፎ፣ ምናልባትም 16 ደርሶ ካገኙት፣ ከላይ ያልኩት ተረጋግጧል፤ ዲናሞው ከሚገባው በላይ እንጂ በታች አልሞላም። ሞተሩን ሳያጠፉ የቴስተሩን ጥቁር ጫፍ ባትሪው ኔጋቲቭ ራስ ላይ ይተዉትና ቀዩን ጫፍ ሬጉሌተሩ አካል ላይ፣ ቀለም በሌለበት ቦታ፣ ለምሳሌ በክዳኑ ብሎን ላይ ያሳርፉት። ጤነኛ ማሳ ከ0.1 ቮልት አያልፍም። ግማሽ ቮልት ወይም አንድ ቮልት ካነበበ፣ ሬጉሌተሩ ከእውነተኛው ማሳ በዚያ መጠን ተለያይቷል። ይህ ልኬት የሚሠራው ኃይል እየፈሰሰ እያለ ብቻ መሆኑን እንዳይረሱ። ብዙ ባለሙያዎች ሞተሩን አጥፍተው በቴስተሩ ኦም ሲለኩ ሽቦው «ያስተላልፋል» ይላቸዋል፤ አንዲት የመዳብ ክር የቀረችው ሽቦም በኦም ሲለካ ደህና ይመስላልና።

የመጨረሻው ማረጋገጫ ከሁሉም ይቀላል። ያንን ወፈር ያለ ሽቦ አንዱን ጫፍ በሬጉሌተሩ አካል፣ ሌላውን በሞተሩ ብረት ላይ አጥብቀው ያስይዙ፤ ጫፉን ወደ ባትሪው ራስ አይውሰዱት፣ ምክንያቱን ወደ በኋላ እነግርዎታለሁ። 15.6 ያነብ የነበረው ቴስተር ወደ 14.3 ሲወርድና ክሩስኮቱ ላይ ይርገበገብ የነበረው መብራት ጸጥ ሲል በዓይንዎ ያያሉ። ከሆነ ሬጉሌተሩን ይፍቱ፤ የሚያርፍበትን ቦታና የብሎኖቹን ዙሪያ ብረቱ እስኪያበራ በብርጭቆ ወረቀት ይጥረጉ፣ በጥርስ ሮንዴላ አጥብቀው ይሰሩት፣ ከላይ ጥቂት ግራሶ ይቀቡት። የኢ ሽቦውን ጫፍም እንዲሁ ከሶኬቱ አውጥተው ያጽዱ። በዚያው ከሞተሩ ወደ አካሉና ከባትሪው ወደ ሞተሩ የሚሄዱትን የማሳ ኬብሎች ይፈትሹ፤ ለቀለም ሲፈታ ሳይመለስ የቀረ ኬብል ብዙ ጊዜ አጋጥሞኛል። እንዲህ ያለው የጎደለ ኬብል ሌላ ጉዳትም አለው፦ ሞተሪኖው የሚስበው ከመቶ አምፔር የሚበልጥ ኃይል መንገድ ሲያጣ በቤንዚን መስጫው ገመድ በኩል ይመለሳል፣ ገመዱንም እስከማቃጠል ይደርሳል።

ማሳው ጸድቶም ቮልቱ ከ15 ካልወረደ ሬጉሌተሩ ራሱ ተበላሽቷል፤ ነጥቦቹ ተጣብቀው ወይም የቮልት ጥቅሉ ተቆርጦ ሊሆን ይችላል። ያን ጊዜ የሚገዙት ሬጉሌተሩን ነው፤ ከዲናሞ በብዙ ይረክሳል።

እኔ ተሳስቼ ቮልቱ በተቃራኒው ከ13 በታች ሆኖ ቢያገኙትስ? መንገዱ ሌላ ይሆናል። ቺንጋውን (ዲናሞውን የሚያዞረውን ቀበቶ) በአውራ ጣትዎ በኃይል ሲጫኑት ከ10 ሚሊ ሜትር ብዙ ከረገበ ያጥብቁት፤ ጎኖቹ እንደ መስታወት ከለሰለሱ ይቀይሩት። ቀጥሎ ሬጉሌተሩን ከሶኬቱ ነቅለው በሶኬቱ ላይ አይጂ እና ኤፍ የሚባሉትን በአጭር ሽቦ ያገናኙና ሞተሩን ለጥቂት ሰከንድ ብቻ ከሚኒሞ ጥቂት ከፍ አድርገው ያዙሩት። ቮልቱ ወዲያው ወደ ላይ ከተወነጨፈ ዲናሞው ጤነኛ ነው፣ ጥፋቱ የሬጉሌተሩ ነው፤ ካልተነሣ ዲናሞው ይፈታ። ቮልቱ ወደ 16 ሲጠጋ ቤንዚኑን ይልቀቁ፤ በዚህ ሁኔታ የሚገታው ነገር የለምና። ዲናሞው ላይ ዳዮድ መሞቱን ለማወቅ ቴስተሩን ወደ ኤሲ ቮልት አዙረው ባትሪው ላይ ይለኩ፤ ከግማሽ ቮልት በላይ ካነበበ አንድ ዳዮድ ሞቷል። የሞተ ዳዮድ ሌሊት ባትሪ ያስፈስሳል፤ ሞተሩ ጠፍቶ ካደረ በኋላ የዲናሞውን አካል በእጅዎ ይንኩት፤ ጠዋት ለብ ብሎ ካገኙት ሌላ ማስረጃ አያስፈልግም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር አጥብቄ ማሳሰብ አለብኝ። በየመንገዱ «ዲናሞው ይሠራ እንደሆነ እንየው» እየተባለ ሞተሩ እየዞረ የባትሪው ሞርሴቶ ይነቀላል። እባክዎ ማንም ይህን መኪናዎ ላይ እንዳያደርግ። ባትሪው እንደ ግድብ የዲናሞውን ግፊት የሚያረጋጋ ነው፤ በድንገት ሲነቀል ቮልቱ ለቅጽበት ብዙ እጥፍ ይዘልና ዳዮዶቹን ይበሳል። ጤነኛ ገብቶ በምርመራው የሞተ ዲናሞ በእጄ ላይ ብዙ አልፏል። በእርስዎ ሁኔታ አደጋው ይብሳል፤ ከመጠን በላይ የሚሞላ ባትሪ ዙሪያውን ሃይድሮጅን ይተፋል፣ ሞርሴቶው ሲነቀል የሚፈነጥቀው ብልጭታም ባትሪውን ፊትዎ ላይ ሊያፈነዳው ይችላል። የሙከራውን ሽቦ ጫፍ ከባትሪው ራቅ አድርገው ሞተሩ ላይ ያስይዙ ያልኩት በዚሁ ምክንያት ነው። ባትሪው ውስጥ ሲጎድል የሚጨመረውም የተጣራ ውሃ ብቻ ነው፤ የደከመውን «ለማንቃት» አሲድ መጨመር የቀሩትን ሰሌዳዎች ይበላቸዋል።

አሁን ወደ እሳቱ። ቻርጁን ያስቀደምኩት ቦቢና የሚሰጡትን ቮልት ስለሚበላ ነው፤ ቮልቱ 16 ሆኖ ሳለ ስለ ቦቢና ጤንነት መፍረድ አይቻልም። ያቺ ነጭ ሸክላ ሬዚስተር ናት፤ ያለ ምክንያት የተቀመጠች አይደለችም። ሬዚስተር ያለው ሲስተም ላይ የሚገባው ቦቢና በሁለቱ ትንንሽ ጫፎቹ መካከል ወደ 1.5 ኦም ያህል ነው፤ ሸክላዋም ያንኑ ያህል ትይዛለች፣ ድምሩ 3 ኦም ይሆናል። በ14 ቮልት ሲሰላ፣ ፑንቲናው በተዘጋ ጊዜ የሚያልፈው 4.7 አምፔር ገደማ ነው፤ ፑንቲና የሚችለው መጠን ይህ ነው። ሸክላዋ ወጥታ ሽቦው በቀጥታ ሲገናኝ ግን ወደ 9.3 አምፔር ይወጣል፤ ቦቢናው ውስጥ የሚፈጠረው ሙቀት ደግሞ በአምፔሩ ካሬ ስለሚያድግ አራት እጥፍ ይሆናል። በዚያ ላይ 14 የነበረው ቮልት 16 ሆኗል። ፑንቲናው በወር ሁለት ጊዜ ባይቃጠል ነበር የሚደንቀኝ።

ስለዚህ ቦቢናውን ከመቀየርዎ በፊት ይለኩት። ሽቦዎቹን አውጥተው በሁለቱ ትንንሽ ጫፎች መካከል በኦም ሲለኩት 1.5 አካባቢ ካነበበ ሬዚስተር የሚፈልግ ቦቢና ነው፤ ሸክላዋ ተመልሳ መግባት አለባት። 3 አካባቢ ካነበበ ደግሞ ያለ ሬዚስተር እንዲሠራ የተሠራ ነው፤ የቀየሩልዎት ሰው ልክ ነበሩ ማለት ነው፣ ሸክላዋንም መልሶ ማስገባት እሳቱን ያደክማል። ሁለቱ ቦቢናዎች በመልክ አይለዩም፤ ሱቅ ውስጥ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ፣ ሻጩም ብዙ ጊዜ ልዩነታቸውን አይነግርዎትም። ቴስተርዎን ይዘው ይሂዱ፤ ከመክፈልዎ በፊት ባንኮኒው ላይ ይለኩት።

ሸክላዋን ስትመልሱ አንድ ሽቦ እንዳይረሳ። ሞተሪኖው ሲዞር የባትሪው ቮልት ስለሚወርድ፣ ለዚያች ቅጽበት ብቻ ሬዚስተሯን ዘሎ ሙሉ ኃይል ለቦቢናው የሚሰጥ ሽቦ ከሞተሪኖው በኩል ይመጣል። ይህ ሽቦ ከተቆረጠ በብርድ ጠዋት ሞተሩ ለመነሣት ይቸገራል። ምልክቱ ተገልብጦ ከመጣ፣ ማለትም ቁልፉን ሲያዞሩ ሞተሩ ተነሥቶ ቁልፉን ሲለቁ ወዲያው የሚጠፋ ከሆነ ደግሞ፣ ሸክላዋ ራሷ ተቆርጣለች።

የተቃጠለውን ፑንቲና አልጣሉት ከሆነ አውጥተው በብርሃን ይመልከቱት። ሁለቱም ነጥቦች ጠቁረውና ሰማያዊ ሆነው ከሆነ ብዙ አምፔር አልፎባቸዋል፤ ከላይ ያልኩት ነው። አንዱ ላይ ትንሽ ጉድጓድ፣ ሌላው ላይ ትንሽ ጉብታ ካለ ጥፋቱ የኮንደንሰሩ (ፑንቲናው ሲከፈት የሚፈነጥቀውን ብልጭታ የሚውጠው ትንሽ ዕቃ) ነው፤ ብረቱ ከአንዱ ተነሥቶ ሌላው ላይ ተቀምጧል። ኮንደንሰር ርካሽ ዕቃ ስለሆነ ከአዲሱ ፑንቲና ጋር አብረው ይቀይሩት፤ ቀዝቃዛ ሲሆን ደህና ሠርቶ ሲሞቅ የሚከዳ ዕቃ በመሆኑ ለሐረጎው ችግርም ተጠርጣሪ ነው። አዲሱን ፑንቲና ሲያስገቡ ክፍተቱ 0.45 ሚሊ ሜትር ይሁን፤ ስፔሶሜትሩን (የክፍተት መለኪያውን) ከማስገባትዎ በፊት ነጥቦቹን በንጹሕ ወረቀት ይጥረጓቸው፤ የቅባት ጠብታ ካለ በመጀመሪያው ቀን ያቃጥላቸዋል። ዘንጉ ላይ ፑንቲናውን የሚከፍቱትን ጉብታዎች ጥቂት ግራሶ ይቀቧቸው፤ ያለ ግራሶ የፑንቲናው ክንድ በቶሎ ያልቅና ክፍተቱ ይዘጋል፣ ጊዜውም ይዛባል። ዲስትሪቢዩተሩን እንደከፈቱ ዘንጉን በሁለት ጣት ግራና ቀኝ ያወዛውዙት። የሚሰማ ወላጋ ካለ ክፍተቱ በየዙሩ ስለሚለያይ የቱንም ያህል ቢያስተካክሉት አይጸናም።

ሐረጎ ላይ ስለሚቆመው ጉዳይ፣ እሳት ነው ብሎ ከመደምደም በፊት አንድ ሌላ ተከሳሽ መሰማት አለበት። ከኮምቦልቻ ተነሥተው ደሴ ሲደርሱ 600 ሜትር ያህል ወጥተዋል፤ ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፣ በዚያ ከፍታ ውሃ የሚፈላው ወደ 92 ዲግሪ ሲደርስ ነው። ቤንዚንም እንደዚሁ ቶሎ ይተናል። የእርስዎ መኪና የቤንዚን ፓምፕ ሜካኒካል ሆኖ ሞተሩ ላይ የታሰረ በመሆኑ፣ ጭነት ይዞ በዝቅተኛ ማርሽ ዳገት ሲወጣ ቤንዚኑ መስመሩ ውስጥ ተንኖ ካርቡራተሩ ባዶ ሊቀር ይችላል፤ ይህም ሃያ ደቂቃ ሲቀዘቅዝ ይለቃል። ሁለቱ ሕመሞች ከውጭ ሲታዩ አንድ ናቸው። የሚለዩት መኪናው በቆመበት ደቂቃ፣ ኮፈኑ ተከፍቶ ነው፤ ከቀዘቀዘ በኋላ ጋራዥ ወስደው ቢያስመረምሩት ምንም አይገኝም።

ስለዚህ በሚቀጥለው ጉዞዎ አንድ ደህና ካንዴላና ትንሽ የመፈተሻ አምፖል ይያዙ። ሞተሩ ሲጠፋ መኪናውን ከመንገዱ ጥግ አስይዘው፣ ጎማው ላይ ድንጋይ አድርገው፣ የአንዱን ሲሊንደር የካንዴላ ገመድ ይንቀሉና በያዙት ካንዴላ ላይ ይሰኩት፤ የካንዴላውን ብረት ከካርቡራተሩ ራቅ ባለ ቦታ ሞተሩ ላይ ያሳርፉት፤ በእጅዎ ግን አይያዙት። ረዳትዎ ሞተሪኖውን ሲያዞር ሰማያዊ ሆኖ ጠ፣ ጠ የሚል እሳት ካዩ፣ እሳቱ አልከዳዎትም፤ ፊትዎን ወደ ቤንዚኑ ያዙሩ፣ መስመሩ የሞተሩን ብረት የሚነካበትን ቦታ ያርቁት ወይም ይሸፍኑት። እሳቱ ቀይ ቢጫ ሆኖ ከደከመ ወይም ከነጭራሹ ከሌለ፣ አምፖሉን በቦቢናው ኔጋቲቭ ጫፍና በማሳ መካከል አስይዘው ሞተሪኖውን እንደገና ያዙሩ። አምፖሉ እየበራና እየጠፋ ከሄደ ፑንቲናው ሥራውን እየሠራ ነው፤ እሳት የጠፋው በቦቢናው ወይም በኮንደንሰሩ ነው። ምንም ካልበራ ወደ ቦቢናው ኃይል አልመጣም፣ ወይም ፑንቲናው ተጣብቆ አልከፈተም ማለት ነው። ይህ ሁሉ ሦስት ደቂቃ አይፈጅም። ቦቢናውንም በጥንቃቄ በእጅዎ ጀርባ ይንኩት፤ መሞቁ ተፈጥሮው ነው፣ እጅ የማያስነካ ከሆነ ግን ውስጡ ያለው የተሸፈነ ሽቦ እየተቃጠለ ነው። ሞተሩ ጠፍቶ ሲጠብቁ ቁልፉን ክፍት አድርገው አይተዉት፤ ፑንቲናው በተዘጋበት ከቆመ ያለማቋረጥ ኃይል የሚያልፍበት ቦቢና ይብስ ይሞቃል እንጂ አይቀዘቅዝም።

ይህን ያህል በዝርዝር የምጽፈው አንድ ጊዜ ራሴ ስለተጎዳሁበት ነው። ሥራ በጀመርኩበት ጊዜ የአንድ ጭነት አመላላሽ አባትን ዲናሞ ሁለት ጊዜ አስቀየርኳቸው፤ ሁለተኛውን የገዙት ከሌላ ሰው ተበድረው ነበር። በሦስተኛው ሳምንት መኪናው እንደገና በግፊ ተመለሰ። ያገኘሁት ከባትሪው ወደ ሞተሩ የሚወርደውን የማሳ ኬብል ነበር፤ ከላይ ጎማው ደህና ነው፣ ከሥሩ መዳቡ አረንጓዴ ዱቄት ሆኗል። ጎማውን በምላጭ ስሰነጥቀው ዱቄቱ መዳፌ ላይ ፈሰሰ። ያን ኬብል በቴስተር የቮልት ልኬት በመጀመሪያው ቀን ላገኘው ይገባኝ ነበር። የሰውዬውን ገንዘብ ቀስ በቀስ መልሼላቸዋለሁ፤ ከዚያ ወዲህ ግን ሳልለካ ዕቃ ግዙ ብዬ አላውቅም።

ገንዘብዎን በዚህ ቅደም ተከተል እንዲያወጡ እመክራለሁ፦ ማሳውን ማጽዳት በነጻ ነው፤ ከዚያ ቦቢናው 1.5 ኦም ከሆነ ሸክላዋን መመለስ፣ ቀጥሎ ፑንቲናና ኮንደንሰር። ባትሪውን ለመጨረሻ ያቆዩት፤ ቻርጁ ከተስተካከለ በኋላ ውሃውን በልኩ ሞልተው፣ በዝቅተኛ አምፔር ቀስ ብሎ አንድ ሌሊት እንዲሞላ አድርገው፣ በነጋታው ሳይነካ ውሎ ማታ ይለኩት። 12.5 እና ከዚያ በላይ ከያዘ ይቆይልዎታል። ሁለት ወር ሙሉ ተቀቅሏልና ካልያዘ ግን አዲስ ባትሪ ያስፈልግዎታል፤ እሱንም ማሳው ሳይስተካከል ቢገዙ በሁለት ወሩ ተመሳሳይ ቦታ ላይ ይሆናሉ።

ልኬቶቹን ከሠሩ በኋላ አራት ቁጥሮች ይላኩልኝ፦ ጠዋት ሳይነካ የባትሪው ቮልት፣ በ2,000 ዙር የባትሪው ቮልት፣ ከሬጉሌተሩ አካል እስከ ባትሪው ኔጋቲቭ ያለው ቮልት፣ እና የቦቢናው ኦም። ከነዚህ ተነሥቼ የቀረውን እነግርዎታለሁ።